ለምሳ የጮኸችው ሳይረን

አገኘሁሽ ደባልቄን ያወቅኋት አሶሳ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ነው። ዝምተኛ ናት። ትመዝናለች፣ ትጨምራለች፣ ታስረክባለች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መንገዱ ትመልሳለች። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ከገበያው ፊት ለፊት ረዥም ጥሩምባ ሲነፋ ሚዛኑ ከእጇ ወድቆ ቲማቲሙ መሬት ላይ ተበተነ። እየለቀምኩላት "ደነገጥሽ እንዴ?" አልኳት።

"እኔ አልደነገጥኩም" አለች። "እጄ ነው የደነገጠው። እኔማ ገና እየሰማሁ ነበር።"

አባባሏ ገረመኝና ጠየቅኋት። በዚያ ቀን ምንም አልነገረችኝም። የሚከተለውን የነገረችኝ ቀስ በቀስ፣ በብዙ ቅዳሜዎች ነው። ስትጨርስም "ጻፈው" አለችኝ፤ "ስሜንም አትደብቀው።"

አባቷ አቶ ደባልቄ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው። እሷ ግን እዚሁ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር ተወልዳ አደገች። አስረኛ ክፍልን ጨረሰች፤ ውጤት አልመጣላትም። አገባች። ባሏ ለግድቡ ሥራ ወደ ጉባ ሄደና እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። እንግዲህ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የድንጋይ ካባ ሲከፍት፣ አገኘሁሽ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ የምትተማመንበትም ሰው አልነበራትም።

መጀመሪያ የተቀጠረችው ድንጋይ ለመልቀም ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከባድ ዝናብ ወረደ። ሠራተኛው ሁሉ ወደ መጠለያው ሲሮጥ እሷ ግን በዚያ ቀን መኪና እንድታቆም የተሰጣትን ቀይ ባንዲራ ይዛ ከተመደበችበት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ያን ያየው የፈንጂ ባለሙያው ቢቂላ ነበር። ቢቂላ የወለጋ ሰው ነው፤ ረዥም፣ ከሲታ፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጫፍ የሌላቸው። በማግስቱ ጠራትና አንዲት ከብረት የተሠራች ነገር አሳያት። ሦስት እግር አላት፣ ከጎኗ እጀታ ወጥቷል።

"ይቺ ሳይረን ናት" አላት። "እጀታዋን ስታሽከረክሪ ትጮኻለች። አንድ ረዥም ማለት ሰው ሁሉ ከካባው ይውጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ረዥም ሊፈነዳ ነው ማለት ነው። ሦስት አጫጭር፣ አለፈ፣ ተመለሱ። ሌላ ቋንቋ የላትም። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

"ሰው ቃል ሲነግሩት 'ለምን?' ይላል፤ ይከራከራል። ይቺን ሲሰማ ግን መሮጥ አለበት። ሳያስብ። ሥራሽ ይኸው ነው።"

አገኘሁሽ ይህን ሥራ ወደደችው። ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጧት። ከካባው ማዶ ከፍ ካለች ጉብታ ላይ ቆማ እጀታውን ስታሽከረክር፣ መቶ የሚሆን ሰው፣ አለቃውም ሹፌሩም፣ ሁሉም በእሷ እጅ ይንቀሳቀሳል። "በሕይወቴ እኔ ተናግሬ ሰው የሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው" አለችኝ። ፈንጂ የሚፈነዳው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁልጊዜም ከአስር ሰዓት በኋላ ነበር። በቀሩት ቀናት መሣሪያ ቤቱን ትጠብቃለች።

ችግሩ የመጣው በምሳ በኩል ነው።

የድንጋይ መፍጫው ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጓራ፣ ምግብ አብሳይዋ የመኪና ቸርኬ ብትደበድብም ከላይኛው እርከን ያሉት ሠራተኞች አይሰሟትም። ዘግይተው ይወርዳሉ፤ ወጡ ያልቃል፤ ጭቅጭቅ ይነሳል። አንድ ቀን ምግብ አብሳይዋ እያለቀሰች አገኘሁሽ ዘንድ መጣች። አገኘሁሽ አዘነችላትና እጀታውን ሁለት ዙር አዞረችው። አጭር ነበር፤ ዋይ ብሎ ቆመ። ከላይ ያሉት ሁሉ መጀመሪያ ደንግጠው ዞሩ። ከዚያ ምግብ አብሳይዋ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ ስታወዛውዝ አዩና ሳቁ። ተሯሩጠው ወረዱ። በዚያ ቀን ጭቅጭቅ አልነበረም።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን "አገኙ፣ ሳይረን!" አሏት። አዞረችው። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቃት አዞረችው።

ቢቂላ የሚመጣው ለፍንዳታ ቀን ብቻ ስለነበር ይህን የሰማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ተቆጣ።

"ይቺ ዕቃ የምግብ ደወል አይደለችም አላልኩሽም?"

"ለምሳ አጭር ነው የማሰማው" አለችው። "ለፈንጂ ረዥም ነው። ሰው ይለያል እኮ፣ ቢቂላ። ሕፃን አይደሉም።"

ቢቂላ ራሱን ነቀነቀ። "ተይው" ብሎ ሄደ። ሁለተኛ ግን አላነሳባትም። እሷም አልተወችውም። ሦስት ወር ሙሉ፣ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሳይረኗ ለምሳ ጮኸች።

ከሁሉም ቀድማ የምትደርሰው ሰዕዲያ ነበረች። ሰዕዲያ የበርታ ሴት ናት፤ ከወንዝ ማዶ ባለ መንደር ከእህቷ ከዐዋጢፍ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ ድንጋዩ ከሚፈነዳበት ጋራ ጀርባ ካለው ወንዝ ለመሰርሰሪያው ማሽንና ለመጠጥ ውሃ በጀሪካን ማመላለስ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቤቷ ወጥታ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሯ ስለምትመጣ ስድስት ሰዓት ሲደርስ ረሃብ ይዟታል። አማርኛዋን ከገበያ ነው የተማረችው፤ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ትላለች። አገኘሁሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ለመደችው፤ ቆይቶ ደግሞ ደስ ይላት ጀመር። ማንጎ በጨርቅ ቋጥራ ታመጣላታለች። ጉብታው ላይ አብረው ተቀምጠው ይበላሉ።

"አገኙ፣ አንተ ሳይረን ስታስጮህ ሆዴም አብሮ ይጮሃል፣ ወላሂ" አለቻት አንድ ቀን። "ወንዝ ሆኜ ስሰማ አፌ ውሃ ይሞላል። እግሬ እኔን አይጠይቅም፤ ይሄዳል።"

እንደ እውነቱም እግሯ መንገድ አውጥቶ ነበር። ከወንዙ ወደ ካባው የሚመጣው የጋሪ መንገድ ጋራውን ይዞራል። ሰዕዲያ ግን ለምሳ ስትመጣ የምግብ ሳህኗን ይዛ በጋራው ትከሻ በኩል ወደ ላይኛው እርከን የምትወጣውን ቀጭን አቋራጭ ትይዛለች። ሰልፍ ከመያዙ በፊት ትደርሳለች። አገኘሁሽ ይህን ታውቅ ነበር። "አንቺ ፍየል ነሽ ወይስ ሰው?" እያለች ትቀልድባት ነበር።

ቀኑ ሐሙስ፣ ወሩ ሰኔ ነበር። ቢቂላ በጠዋት መጥቶ ጉድጓዶቹን በፈንጂ አስሞላ። ለአስር ሰዓት ነበር የታሰበው። አምስት ሰዓት ገደማ ግን ከምዕራብ በኩል ጥቁር ደመና ተነሳ፤ ሩቅ መብረቅ ብልጭ አለ። ቢቂላ ሰማዩን አየና ፊቱ ተቀየረ።

"የተሞላ ጉድጓድ ላይ መብረቅ እንዲመጣ አልጠብቅም" አለ። "አሁኑኑ እናፈነዳዋለን። ሰው አውጡ።"

የቡድን መሪዎቹ ሠራተኛውን በየስሙ እየጠሩ አወጡ። ማሽኖቹ ወደ ኋላ ተመለሱ። በጋሪው መንገድ ላይ ዘበኛ ቆመ። አገኘሁሽ ከጉብታው ሆና ሰዎቹን በዓይኗ ስትፈልግ አንዷን አጣች።

"ሰዕዲያስ?" ብላ ጮኸች።

"ወንዝ ወርዳለች" አላት የቡድን መሪው። "ከጋራው ጀርባ ናት፤ እዚያ አንዲት ጠጠር አትደርስባትም። በመንገዱም ብትመጣ ዘበኛው ያቆማታል።"

ልክ ነበር። ከካባው ሰው ሁሉ ይልቅ በዚያች ሰዓት አደጋ የማይነካት ሰዕዲያ ነበረች።

አገኘሁሽ እጀታውን ያዘች። ሰዓቱ ስድስት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አዞረች፤ ረዥም። ቆመች። ቢቂላ እጁን አነሳላት። ሁለተኛውን ረዥም አዞረች። ነፋሱ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ዓይነት ነበር፤ ድምፁን እየቆራረጠ ይወስደዋል። እሷ ከሳይረኗ አጠገብ ስለነበረች ይህን አላወቀችም። ለእሷ ጆሮ ያው ረዥም ነበር።

"አቋራጩን አውቅ ነበር እኮ" አለችኝ ይህን ስትነግረኝ። "ምሳ ሲሆን በዚያ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ግን ምሳ አልነበረማ። ለእኔ ምሳ አልነበረም።"

ምድር ተንቀጠቀጠች። አቧራው እንደ ግድግዳ ቆመ። አቧራው ሲረጋ ሦስቱን አጫጭር አሰማች፤ ሰው መመለስ ጀመረ። ያን ጊዜ ከላይኛው እርከን አንድ ሰው "ሰው አለ! ሰው አለ!" ብሎ ጮኸ።

ሰዕዲያ የአቋራጩ መውጫ ላይ በጎኗ ወድቃ ነበር። ጀሪካኑ አጠገቧ የለም፤ ወንዙ ዳር ትታው መጥታለች። ከግራ ጆሮዋ ደም ይወርዳል። በቀኝ እጇ ቢጫ የፕላስቲክ ሳህን ጨብጣለች። እጆቿ ታጥበው እርጥብ ነበሩ።

ሌሎቹ ፊቷን ሲያዩ አገኘሁሽ ያየችው ሳህኑን ነው። በቅጽበት ሁሉም ነገር ገባት። ሳይረኗን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ሰምታለች። የሰማችው ምሳ ነው።

ከዚያ ያደረገችውን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ መልሳ ነበር። ሰዕዲያን ወደ መኪና ሲያነሷት እሷ ሳህኑን ከጣቶቿ ውስጥ ፈልቅቃ አወጣችው። በሰደርያዋ ሥር ደበቀችው። መኪናው ወደ አሶሳ ሲፈተለክ እሷ ወደ ማብሰያው ሄደች፤ ሳህኑን ከሌሎቹ ሳህኖች ሥር ከተተችው። "እጄ አልነበረም ይህን ያደረገው" አለችኝ። "ይህን እኔ ነኝ ያደረግኩት። አስቤ።"

በሳምንቱ አጣሪዎች መጡ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ አስቀምጠው አንድ በአንድ ጠየቁ።

"ማስጠንቀቂያ ተሰምቷል?"

"ተሰምቷል" አለች አገኘሁሽ።

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለት ረዥም። እንደ ደንቡ።"

"ታዲያ ሴትየዋ ለምን ወደ ፈንጂው ሄደች?"

ምግብ አብሳይዋ ውጭ ተራዋን ትጠብቃለች። ቢቂላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አገኘሁሽ አፏን ከፈተች። "እኔ እንጃ" አለች።

ሌሎቹም ስለ ምሳው አልተጠየቁም፤ ያልተጠየቁትን አልተናገሩም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ሠራተኛዋ የተሰማውን ማስጠንቀቂያ ችላ በማለት ወደ አደጋ ቀጣና በመግባቷ" የሚል ነበር። ጥፋቱ የራሷ ሆነ። ድርጅቱም ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ እጁን ሰበሰበ።

ሰዕዲያ ሞትን አመለጠች። ድንጋዩ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለውን አጥንት ሰንጥቆ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ስትወጣ የግራ ጆሮዋ ምንም አይሰማም፤ ያቺን ሐሙስም ከነጭራሹ አታስታውሳትም። ሰው የነገራትን አመነች።

"ሳይረን ጮኸ አሉኝ፤ እኔ ዝም ብዬ ሄድኩ አሉኝ" ትላለች። "አገኙ፣ ጆሮዬ ድሮም ሰነፍ ነበር መሰለኝ። መዓለሽ፣ ግድ የለም፤ አላህ ያውቃል።"

ሰዕዲያ ሆስፒታል ሳለች አገኘሁሽ ከአልጋዋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። በየቀኑ ከሥራ መልስ ትሄዳለች፤ ሾርባ ታመጣለች፤ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፤ ልብሷን ታጥባለች። ነርሶቹ እህቷ ትመስላቸው ነበር። ዐዋጢፍ እያለቀሰች እጇን ትስማታለች። "እጄን ስትስመኝ" አለችኝ አገኘሁሽ፣ "ያን እጅ መቁረጥ አማረኝ።" ሰዕዲያ ተሽሏት ወደ መንደሯ ስትመለስ ደግሞ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይጠይቅ ጀመር፤ ሳይረን የማትሰማ እንዴት ያለች ደንቆሮ ናት? ልጆች በግራ በኩል ቀርበው እያንሾካሾኩ ይስቃሉ። አገኘሁሽ ይህንን ሁሉ ታያለች። ሥራዋንም አልተወችም። ለምሳ ማስጮኋን ግን አቆመች። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

በነሐሴ አብረው ወደ አሶሳ ወረዱ። ከመናኸሪያው ወጥተው አስፋልቱን ሲሻገሩ ከግራ በኩል ባጃጅ መጣና ጥሩምባውን ነፋ። ሰዕዲያ ሰማች። ዞረችም፤ ግን ወደ ቀኝ ነው የዞረችው። ከሌለው ባጃጅ ለመሸሽ ወዳለው ባጃጅ ሮጠች። አገኘሁሽ በነጠላዋ ጎትታ አዳነቻት። ሹፌሩ "ዓይንሽን ግለጪ!" ብሎ ሄደ። ሰዕዲያ መንገዱ ዳር ተቀመጠች።

"ሰማሁ እኮ" አለች። "ወላሂ ሰማሁ። ለምን ወደዚያ ሄድኩ?"

በዚያ ሳምንት የጆሮ ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥቶ ሕመምተኛ እያየ ነው ሲባል ሰምተው ነበር የወረዱት። ዶክተር ሌንጂሳ ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ። ሰዕዲያን ዓይኗን አስጨፈናትና የቁልፍ ዘለላውን በቀኟ አንቀጫቀጨ። "የት ነው?" አላት። በቀኝ ጠቆመች። በግራዋ አንቀጫቀጨ። በቀኝ ጠቆመች። ከኋላዋ፣ ከላይ፣ አሁንም በቀኝ።

"ዓይንሽን ግለጪ፣ እናቴ" አላት። "ጥፋት የለብሽም። ስሚኝ። ጆሮ ተሸካሚ ነው፤ ድምፁን ያመጣል እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚለው አንጎል ነው። ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮን ቀድሞ ይነካል፤ ቀኙን ትንሽ ቆይቶ። በጣም ትንሽ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ያልፋል። አንጎል ግን ያቺን ትንሽ መዘግየት ይቆጥራታል፤ 'ከግራ ነው' ይላል። አሁን አንድ ጆሮ ነው ያለሽ። የሚያወዳድረው የለውም። ስለዚህ ሁሉም ከቀኝ የመጣ ይመስለዋል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አለች ሰዕዲያ።

"ጥሩምባ ስትሰሚ አትሩጪ። ቁሚ። አንገትሽን አዙሪና በዓይንሽ ፈልጊው። ይከብዳል፤ ድምፅ ሰውን የሚያንቀሳቅሰው ሳያስብ ነው። እግር ከሐሳብ ይቀድማል። ግን ይለመዳል።"

አገኘሁሽ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ያንን ጥያቄ መጠየቅ እንዳልነበረባት ታውቃለች፤ ምላሷ ግን አልታዘዛትም።

"ዶክተር፣ አንድ ድምፅ ሁለት ነገር ማለት ከሆነስ?"

"እንዴት?"

"ለምሳሌ አንድ ደወል ነው እንበል። ባብዛኛው ቀን ብሉ ማለት ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ሽሹ ማለት ነው።"

"አንጎል ደጋግሞ የሰማውን ያምናል" አለ ሐኪሙ። "ድምፁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ምግብ ካስከተለ፣ በዚያ ሰዓት የሰማውን ምግብ ይለዋል። ምራቁ ይመጣል፣ እግሩ ይነሳል። አጭር ነው ረዥም ነው ብሎ እስኪያጣራ መንገዱን ጀምሯል። ሰውየው ቸልተኛ ሆኖ አይደለም። ያስተማሩትን ነው ያደረገው።"

ሰዕዲያ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ሐኪሙ አዙራ ታዳምጥ ነበር። አገኘሁሽ ግን እስከዚያ ቀን አንዲት መደበቂያ ነበረቻት፦ "ምናልባት ለሌላ ነገር እየመጣች ይሆናል፤ ምናልባት ሳህኑን እንዲሁ ይዛው ይሆናል።" ከዚያ ክፍል ስትወጣ መደበቂያዋ ፈርሶ ነበር።

እሑድ ዕለት ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳህኑንም። ስግደት ያዙኛል፣ ጾም ያዙኛል ብላ ጠበቀች። ቄሱ ግን "ልጄ፣ ይህን ለእኔ ነግረሽኝ ምን ይሠራል?" አሏት። "የተበደለችው አለች አይደል? መጀመሪያ ለእሷ ንገሪ። ከዚያ ነይ።"

ሁለት ሳምንት ዘገየች። አንድ ቀን ሆዷን አመማት፤ አንድ ቀን ወንዙ ሞላ፤ አንድ ቀን ሰዕዲያ ቤት ደርሳ ስለ በቆሎው አውርታ ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ከቀርከሃ በተሠራው ቤታቸው ደጃፍ ሰዕዲያ ለውዝ ስትፈለፍል አገኘቻት። በቀኟ በኩል ተቀመጠች። መግቢያ አልፈለገችም።

"ሰዕዲያ፣ ያን ቀን ሳይረኑን ሰምተሽዋል። ወደ ፈንጂ አልነበረም የምትሄጂው። ወደ ምሳ ነበር። እኔ ነኝ ሳይረን ሲጮህ ምሳ ነው ብዬ ያስለመድኩሽ። ሳህንሽ በእጅሽ ነበር። አውጥቼ የደበቅኩት እኔ ነኝ።"

ሰዕዲያ መፈልፈሏን አቆመች። ዶሮዎቹ መጥተው ከለውዙ መልቀም ጀመሩ፤ አላባረረቻቸውም።

"ሰምቼ ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ሰምተሽ ነበር።"

"ደንቆሮ አይደለሁም?"

"አይደለሽም።"

ሰዕዲያ የቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነችው። አገኘሁሽ መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ገባት፤ ሰዕዲያ ምንም መስማት አልፈለገችም። እጇን ስታነሳ ዓይኗ ደርቆ ነበር።

"ሳይረኑ መዓለሽ" አለች። "አንተ ክፉ አላሰብክም። ለሰው ምግብ ነው የጠራህ። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ሲለኝ፣ አገኙ፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ሾርባ ታጠጣኝ ነበር። ዝም ብለህ!"

"ፈርቼ ነው።"

"ሂድ" አለቻት። "አሁን ሂድ።"

አገኘሁሽ ሄደች። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ነው የሄደችው። ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ ቃሏን እንደገና እንዲጽፉላት ጠየቀች። ሰውየው ተናደደ። "የተዘጋ ጉዳይ ነው" አለ። "ሴትየዋ ተሽሏታል፤ አንቺ ምን አግኝተሽ ነው ራስሽን የምታስወነጅይው?" አልወጣችም። እስክትወጣ ጠበቁ፤ አልወጣችም። ከሰዓት በኋላ ቢቂላን አስጠሩት። መጥቶ ሰማትና ጫፍ የሌላቸውን ጣቶቹን ሲያሻሽ ቆየ።

"እውነቷን ነው" አለ። "እኔም አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ሁለተኛ መናገር ነበረብኝ። አጣሪዎቹም ሲጠይቁ ግድግዳ ተደግፌ ዝም አልኩ። እኔንም ጻፉኝ።"

ሁለቱም ፈረሙ። ምግብ አብሳይዋም ተጠርታ ለምሳው ማን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደተጀመረ ተናገረች። ወር ከፈጀ ደብዳቤ መጻጻፍ በኋላ የቀድሞው ጽሑፍ ተሻረ፤ አደጋው የደረሰው ማስጠንቀቂያው ለሌላ አገልግሎት በመዋሉ እንደሆነ ተጻፈ። ሰዕዲያ ጥፋተኛ መባሏ ቀረ፤ ሕክምናዋም በድርጅቱ ኃላፊነት ቀጠለ። ደብዳቤውን ዐዋጢፍ በመንደሩ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞረች በሚያነቡ ሰዎች አስነበበችው። ቢቂላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። አገኘሁሽ ተባረረች። "ደግ አደረጉ" ነው የምትለው።

ከዚያ በኋላ ገበያ ገብታ አትክልት መሸጥ ጀመረች፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሰዕዲያ አላናገረቻትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ትመልሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ቃል የለም። ዘንድሮ የገበያው ቦታ እንደገና ሲደለደል ዕጣ ወጣ። ሰዕዲያ ለውዝና የቀርከሃ ቡቃያ ይዛ መጣች፤ የደረሳት ቦታ የአገኘሁሽ ጎን ነበር። አገኘሁሽ ዕቃዋን ልታነሳና ከሌላ ሰው ጋር ቦታ ልትለዋወጥ ተነሳች። ሰዕዲያ አየቻትና "ለምን?" አለች። አገኘሁሽ ተመልሳ ተቀመጠች።

እኔ የማውቃቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ብዙ አያወሩም። ባለፈው ቅዳሜ ድንገተኛ ዝናብ ሲመጣ ሰዕዲያ "አገኙ፣ ሸራውን ያዝ!" ብላ ጮኸች፤ አገኘሁሽም ያዘች። ዝናቡ እስኪያልፍ ሁለቱም ከአንድ ሸራ ሥር ቆመው አየኋቸው። ኋላ ብቻዋን ሳገኛት "ታረቃችሁ ማለት ነው?" አልኳት።

"እሷ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም" አለች አገኘሁሽ። "እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኋትም። ሸራ ያዝ ስትለኝ እይዛለሁ።" የተረፈውን ቲማቲም ወደ ቅርጫቱ መመለስ ጀመረች።